ጎንደር ላይ የት እንጠጣ? ላላችሁኝ



ጥምቀት በቀረበ ቁጥር ኢንቦክሴን የሚያጨናንቅ አንድ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ጎንደር ልንመጣ ነው፤ የት እንጠጣ?» የሚጠይቁኝ ድሮ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አንዱ አዲስ አበባ ባንክ ገብቷል፣ አንዷ ሐዋሳ ነርስ ናት፣ አንዱ ዱባይ ነው። ክፍል ውስጥ «ጥያቄ ያለው?» ስላቸው አንገታቸውን ይደፉ የነበሩት ሁሉ ዛሬ በመጠጥ ጉዳይ እጃቸውን አወጡ። ለየአንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አስቀድሜ ግን፦ በሃይማኖትም ሆነ በጤና ምክንያት የማትጠጡ ወዳጆቼ፣ አክብሮቴ ሙሉ ነው። ይህ «ጠጡ» የሚል ጽሑፍ አይደለም። «መምህር ሆኖ ስለ መጠጥ ይጽፋል» የምትሉኝም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ከመጠጡ ይልቅ ስለ ቀጂዋ ነው ማውራት የፈለግኩት።

ከተማችንን ታውቋታላችሁ። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሯት፣ አርባ አራት ታቦት አላት የሚባልላት፣ ግንቧ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበላት ጎንደር ናት። በ1947 ዓ.ም ደግሞ የጤና ኮሌጅ ተከፈተባት፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ማለት ነው። የነገሥታት ከተማ፣ የካህናት ከተማ፣ የተማሪ ከተማ። ታዲያ እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ መጠጥ ቤት ለሁሉም ኪስ ይኖራል። መኪና ይዞ ለመጣውም፣ ከስንቁ ላይ ቆጥቦ ለሚኖረው ተማሪም፣ ደመወዙ በሃያኛው ቀን ለሚያልቅ መምህርም (ማን እንደሆነ አልናገርም)።

በየተራ ልሂድ።

1ኛ፦ ኮረፌና ጠላ ቤት

በር ላይ ጽሑፍ አትፈልጉ። አጥሩ ጋ ረዘም ያለ እንጨት ይቆማል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ወይም ኩባያ ይደፋበታል። ታፔላው ያ ነው። «ዛሬ አለ» ማለት ነው። ጎግል ማፕ ላይ አታገኙትም። አዘዞም ሂዱ፣ ሳሙና በርም ሂዱ፣ ቅዳሜ ገበያ ዙሪያም ዙሩ፣ ዓይናችሁን ከፍ አድርጋችሁ መሄድ ብቻ ነው።

ገብታችሁ የምትቀመጡት የሰው ሳሎን ውስጥ ነው። የእውነት ሳሎን! ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከሥሩ የልጅ የምረቃ ፎቶ፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ። መደብ ወይም አግዳሚ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ትቀመጣላችሁ። ብቻችሁን ስልካችሁን የምትጎረጉሩበት ጠረጴዛ የለም። ገብቶ ሰላም ሳይል የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ወዲያው «ይኼ የማን ልጅ ነው?» ይባልበታል።

ጠላን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮረፌን ግን ከሌላ አገር የመጡ ጓደኞቻችሁ ላያውቁት ይችላሉ። የኛው የጎንደርና የአካባቢው መጠጥ ነው። የሚሠራው ከገብስ ነው፤ ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ ከጌሾ ጋር ድፍድፉ ጋን ውስጥ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ይቆያል። ለመጠጥ ሲፈለግ ከድፍድፉ ተቀንሶ በውኃ ይበጠበጣል። ከዚያ አረፋውን ይዞ ይመጣል። ስሙ እንደሚለው ይኮርፋል፤ ጠጪው ሲያኮርፍ ግን ብዙም አላየሁም። ወፈር ያለ ስለሆነ ሆድ ይይዛል። አንድ ጣሳ የጠጣ ሰው እራት ባይበላም ግድ የለውም።

እኔ ኮረፌ ቤትን ያወቅኩት በጠጪነት አይደለም፤ በተከራይነት ነው። ከደንቢያ ገጠር ዘጠነኛ ክፍል ልማር ስመጣ ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ስንቅ ያቀብለኝ ነበር፦ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። የግቢው ባለቤት ኮረፌ ይጠምቁ ነበር። ስማቸውን አልጠቅስም፤ «እትዬ» ነበር የምንላቸው። የገባን ዕለት ሕጉን ነገሩኝ። «ስማ፣ ተመርቀህ ወረቀትህን ያመጣህ ዕለት እኔ ራሴ እቀዳልሃለሁ። ከዚያ በፊት ከንፈርህ ጣሳ የነካ እንደሆነ ጨርቅህን ጠቅልለህ ላባትህ ነው የማስረክብህ።» ቀልድ እንዳልሆነ ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር።

የኛ ክፍል መብራት ደካማ ስለነበር ማታ ማታ የማጠናው ሳሎኑ ደጃፍ ላይ ነበር። ስለዚህ የእትዬን ደንበኞች አንድ ባንድ አወቅኳቸው። አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ከምጽዋ እስከ ኦጋዴን በእግራቸው ያልረገጡት የለም። የጂኦግራፊ ካርታዬን ዘርግቼ ሳዩኝ ጣታቸውን እያስኬዱ «እዚህ ጋ ውኃ የለም፤ እዚህ ጋ ጨው ነው» ይሉኝ ነበር። አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ድርሰት ስጽፍ «ይኼ ቃል እዚህ ምን ይሠራል?» እያሉ ያሰርዙኛል። ከጤና ኮሌጁ ደግሞ አንድ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ጣሳቸውን አስጠግተው አረፋውን አሳዩኝና «ይኼ በሕይወት ያለ ነገር ነው» አሉኝ። «እርሾው ስኳሩን ይበላል፤ ከበላ በኋላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ይኼ የምታየው ጋዙ ነው።» ባዮሎጂ የወደድኩት ያን ዕለት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዛሬም የማስተምረው ባዮሎጂ ነው።

ዲፕሎማዬን ይዤ የተመለስኩ ዕለት እትዬ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተሙን ግን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጓዳ ገብተው ቀዱልኝ። በሕይወቴ ከጠጣሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

እና ይኼን ሁሉ የማወራው ለምን መሰላችሁ?

በየዓመቱ ስለ እርሾ ሳስተምር «ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ የሚያውቅ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ስድሳ ልጅ ከተቀመጠበት ክፍል ቢያንስ አምስት ስድስቱ ከጠመቃ ቤት እንደመጡ አውቃለሁ፤ አንድም እጅ ግን አይወጣም። አንድ ዓመት ብቻ፣ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር በቀስታ «መጀመሪያ የሚገባው ጌሾው ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። «ቀጥዪ» አልኳት። ቀጠለች። ጥንስሱን፣ ብቅሉን፣ እንኩሮውን፣ ጋኑ በወይራ ጭስ ለምን እንደሚታጠን፣ አፉ ለምን ታፍኖ እንደሚቆይ፣ ብርድ ሲሆን ለምን እንደሚዘገይ ሁሉንም በቅደም ተከተል ተናገረች። እኔ ጎን ለጎን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የምትለውን ወደ ባዮሎጂ እየተረጎምኩ ጻፍኩ፦ ስታርች፣ ኢንዛይም፣ ስኳር፣ እርሾ፣ አልኮል። ሳቁ ቆመ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ መገልበጥ ጀመሩ።

የክፍል ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ። በኋላ የተማሪ መረጃ ቅጹን ገልጬ አየሁት። «የእናት ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ የጻፈችው «የቤት እመቤት» ነው።

እሷ ብቻ አይደለችም። ያንን ዓምድ ብዙ ዓመት አይቼዋለሁ። «የቤት እመቤት»፣ «የግል ሥራ»፣ «ነጋዴ» የሚል አይቻለሁ። «ጠላ ትሸጣለች» ብሎ የጻፈ ልጅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። «የጠላ ሻጭ ልጅ» ማለት በኛ አገር ስድብ ነዋ! ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ እሳት አንድዳ፣ ጢስ ዓይኗን አጥፍቶት፣ የሰካራም ንግግር ችላ፣ ደብተርና ዩኒፎርም የገዛች እናት ቅጽ ላይ ስትደርስ ሥራ የላትም። ግንቡን ማን እንደሠራው ለፈተና እናስጠናለን። የዚህችን ከተማ ስንቱን ዲግሪ ማን እንደከፈለው ግን አንጠይቅም።

ስለዚህ አንድ የግል ሕግ አለኝ። የማስተምረው ልጅ ቤት መሆኑን ካወቅኩ፣ ልጁ ወይም ልጅቷ ከእጄ እስኪያልፉ ድረስ እዚያ ቤት አልጠጣም። ማታ ጣሳ ያቀበለችኝ ልጅ ጠዋት ዓይኔን እንድትሸሽ አልፈልግም። ሳልፍ ግን በር ላይ ቆሜ ለእናትየዋ «እንዴት ዋሉ እትዬ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» ሳልል አላልፍም። ጠጪዎቹ እንዲሰሙት ድምፄን ከፍ አድርጌ!

2ኛ፦ ጠጅ ቤት

ጠጅ ሌላ ዓለም ነው። ጥንት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ዛሬም ብርሌ ሲያዝ ሰው አቀማመጡ ይስተካከላል። ማር፣ ውኃ፣ ጌሾ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚገባበት ነገር ካለ ተጠራጠሩ። ማር ስለተወደደ ስኳር የሚያበዙበት ቤት አለ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የማር ጠጅ ከጠጡት በኋላም ጉሮሮ ላይ ሽታው ይቆያል፤ የስኳሩ ግን የሚቆየው በማግሥቱ ራስ ምታት ሆኖ ነው።

እንግዳ ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ በተለይ የውጭ ሰው ከሆነ፣ ግንቡ አጠገብ ፎር ሲስተርስ ውሰዱት። ስሙ እንደሚለው አራት እህትማማቾች የከፈቱት ቤት ነው። ምግቡም ጠጁም አያሳፍራችሁም፤ ዋጋው ግን የመምህር አይደለም። እኔ ከእንግዳ ጋር ካልሆነ አልሄድም። ለማይጠጣ ጓደኛችሁ ደግሞ ብርዝ እዘዙለት። ገና ያልፈላ የማር ውኃ ነው፤ አብሯችሁ ብርሌ ይዞ ይጫወታል።

3ኛ፦ አዝማሪ ቤት

ጎንደር መጥቶ አዝማሪ ሳይሰማ የተመለሰ ሰው ጥምቀትን በቴሌቪዥን እንዳየ ቁጠሩት። እዚሁ አጠገባችን ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ፤ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርስበት። በየከተማው ከምታዩአቸው አዝማሪዎች ብዙዎቹ ዘራቸው ከዚያ ነው።

አዝማሪ ቤት ስትገቡ ሁለት ነገር ያዙ፦ ዝርዝር ብርና ትዕግሥት። ገና ስትቀመጡ አለባበሳችሁን፣ ፀጉራችሁን፣ አብራችሁ የመጣችውን ልጅ አይቶ ስንኝ ይወረውርባችኋል። ስሟችሁን ሰምታችሁ «አመሰገነኝ» ብላችሁ ስትስቁ፣ አጠገባችሁ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ወርቁን አግኝተው በሌላ ምክንያት ይስቃሉ። እናንተም «ተቀበል!» ብላችሁ ስንኝ መስጠት ትችላላችሁ። እኔ አማርኛ መምህር ለሆኑ ባልደረቦቼ ሁሌ የምለው ይኼን ነው፤ ሰምና ወርቅ በመጽሐፍ አልገባ ያለው ልጅ አንድ ማታ አዝማሪ ፊት ቢቀመጥ ይገባዋል። (ሃያ አንድ ከሞላው በኋላ! ወላጆች እንዳትጮሁብኝ።)

4ኛ፦ አረቄ ቤት

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። የዳጉሳ አረቄ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፤ ብርድ ያወጣል ይላሉ። እኔ ግን ጠዋት ከሥራ በፊት አንዲት መለኪያ ብለው የጀመሩ፣ ከዚያ ሥራውም ትዳሩም የቀረባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ጠላ ቤት ሰው ለጨዋታ ይመጣል፤ አረቄ ቤት ብዙው ብቻውን ለመሆን ይመጣል። ስለዚህ «የት ጥሩ አረቄ አለ?» ለምትሉኝ መልስ የለኝም።

5ኛ፦ ድራፍት ቤት

እስካሁን ያነበበ ወጣት «ቲቸር አርጅቷል፣ ዘመናዊ ነገር አይወድም» ሳይል አይቀርም። ኧረ እወዳለሁ! ዳሸን እዚሁ የሚጠመቅ ቢራ ነው፤ ድራፍቱ ጎንደር ላይ ሲጠጣ ሌላ ነው ብለን እንምላለን። እውነት ይሁን የአገር ፍቅር እናንተ ፍረዱ።

ከሥራ በኋላ ፒያሳ አካባቢ፣ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ከሠራቸው ሕንፃዎች ሥር፣ ደጅ ላይ ተቀምጦ አንድ ጃምቦ ይዞ መንገደኛ ማየት የኔ ደስታ ነው። ሰላም የማይለኝ አላፊ የለም፤ ግማሹ ተማሪዬ ነበር። ኳስ ካለ ደግሞ ማራኪ በኩል ሂዱ፤ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪው ጋር እየጮሃችሁ ታያላችሁ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የሊጉን ዋንጫ ያነሳ ጊዜ ድራፍት ቤቶቻችን ምን ይመስሉ እንደነበር የነበረ ያውቀዋል፤ ድምፄ ለሦስት ቀን ጠፍቶ በምልክት ነበር ያስተማርኩት። ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማዋን ከላይ ማየት ከፈለጋችሁ ጎሃ ሆቴል ውጡ። አንድ ቢራ ብቻ እዘዙ፤ ለእይታው የከፈላችሁት ነው።

ድራፍት ቤቱን የማመሰግንበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ሴት ተማሪዎቼ ተመርቀው ሥራ ይዘው ሲመጡ «ቲቸር፣ እንጋብዝህ» ይሉኛል። የሚወስዱኝ ድራፍት ቤት ነው። እዚያ አንዲት ሴት ከጓደኞቿ ጋር ቁጭ ብላ ብትጠጣ ዞሮ የሚያያት ሰው እየቀነሰ ነው። ጠላ ቤት ግን ባለቤቷም፣ ጠማቂዋም፣ ቀጂዋም ሴት ሆና፣ ሴት ደንበኛ ስትገባ ዓይን ሁሉ ወደ በር ይዞራል። ይኼ መቀየር አለበት ባይ ነኝ። ባህል ነው ብለን የምንወደው ቤት ግማሹን ሰው ደጅ የሚያስቀር ከሆነ የኔና የጓደኞቼ ሳሎን እንጂ የከተማው አይደለም።

እና የቱ ይበልጣል?

እውነቱን ልናገር። ድራፍት ቤት ስሄድ ወንበሩ ይመቸኛል፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሒሳቡ በወረቀት ይመጣል። ነገር ግን ከተነሳሁ በኋላ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ በቃ። ኮረፌ ቤት ሁለት ሳምንት ከጠፋሁ «አመመህ ወይ?» ተብሎ ሰው ይላክብኛል። ልዩነቱ ለኔ ይኼ ነው።

ደግሞ እየቀነሱ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ማታ ማታ በጊዜ ነው ወደ ቤታችን የምንገባው፤ ለምን እንደሆነ የምታውቁት ነው። ጠላ ቤት ደግሞ ገበያው ማታ ነበር። ገብሱም፣ ጌሾውም፣ ማገዶውም በየገበያው ዋጋው ይጨምራል። ጣሳ ላይ ሁለት ብር ሲጨመር ግን ጠጪው ይቆጣል። ድራፍት ላይ ሃያ ብር ሲጨመር ዝም ብሎ ይከፍላል፤ ለሴትዮዋ ሁለት ብር ሲሆን ክርክር! እኔ ከማውቃቸው ቤቶች ሦስቱ እንጨታቸውን አውርደዋል። አንደኛዋን ጠየቅኳቸው። «ጉልበቱ አለ ልጄ፤ ትርፉ ነው የጠፋው» አሉኝ። አሁን ለሰው እንጀራ ይጋግራሉ።

የኔዋ እትዬም አርጅተዋል። ጋን ማንሳት አይችሉም። ልጃቸው አዋላጅ ነርስ ሆና ስለምታግዛቸው አልተቸገሩም። አምና ልጅቷ ፌስቡክ ላይ አንድ የቆየ ፎቶ ለጥፋ ነበር። የምረቃ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ከእናቷ ጋር፣ መሃላቸው ጋኑ። ሰው ሁሉ የምረቃ ፎቶውን ግንቡ ፊት ነው የሚነሳው፤ እሷ ጓዳ ውስጥ ተነሳች። ከሥሩ የጻፈችው «እናቴ ጠላና ኮረፌ ሻጭ ናት» የሚል ብቻ ነው። «ነበረች» እንኳ አላለችም። እኔ ያንን ፎቶ ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዘንድሮ የተማሪ ቅጽ ሳስሞላ ለልጆቹ አሳየኋቸው፤ ከዚያ «የእናት ሥራ» የሚለውን እንደፈለጋችሁ ሙሉት አልኳቸው። ሁለት ልጆች «ጠማቂ» ብለው ጻፉ። ሁለት ብቻ ናቸው። ለኔ ግን ብዙ ነው።

እንግዲህ ስትመጡ፦

ሆዳችሁን ሞልታችሁ ሂዱ። በጊዜ ሂዱ፣ በጊዜ ግቡ። መኪና የያዘ አይጠጣም፤ ይህ አያከራክርም። ጠላ ቤት ስትገቡ ለሁሉም ሰላም በሉ። የተባላችሁትን ክፈሉ፤ ክርክሩን ለድራፍት ቤቱ አስቀምጡት። ቲክቶክ ልትሠሩ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ባለቤቲቱን አስፈቅዱ፤ የሰው ሳሎን ነው። እና እባካችሁ፣ ስትወጡ ስማቸውን ጠይቁ። በሚቀጥለው ስትመጡ በስማቸው ጥሯቸው።

የእናንተስ? በየትኛው ሰፈር የየትኛዋ እናት ጠላ ነው የናፈቃችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የጠመቃ ቤት ልጅ የሆናችሁም እዚያው ኮሜንት ላይ ሳታፍሩ ጻፉት። ቲቸራችሁ በሐሳብም ቢሆን ቆሞ ያጨበጭብላችኋል።

መልካም ሰንበት! ጥምቀትን አብረን ያድርሰን።